ኮርሳዬን ሳለብሳት

እርቃኗን ነው የመጣችው፣ ከጅቡቲ በካርቶን፣
ፔዳል እንኳ የላትም፣ ቀጭን ጎማ፣ ቀጭን ጎን፤
የሦስት ዓመት ዕቁቤን፣ የሲሚንቶ አቧራዬን
ሰጥቼ ነው ያገኘሁ፣ ይቺን ነጭ ኮርሳዬን።

የቀረኝ ሦስት ሺህ ብር፣ ደረት ኪሴ ታጥፎ፣
ታይዋን ገባሁ በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ከንፎ።
ምን የሌለ አለ እዚያ!
ጣተ ቆራጣ ጓንት፣ ቀስተ ደመና መነጽር፣
ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰዓት፣ የጫማ መቆለፊያ ጥፍር፤
ሆዳን ታወጣለች፣ እኔ እመኛለሁ፤
ሆዳን ትጠብቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ።
«ዋላሂ ያምርብሻል!» አለች፣ ሂናው በጣቷ ሲስቅ፤
ማማርማ ያምርብኝ ነበር፣ ብሩ ባይሆን ስስ ጨርቅ።

ከሁሉም አንዱን ሳልመርጥ፣ ደቻቱን በአሸዋው ቆርጬ፣
ጎማዋን እሾህ እንዳይነካት ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ፣
መጋላ፣ ሙሜ ደጅ ደረስኩ።
እጁ ግራሶ ነው ሁሌ፤ ተቀምጦ ኒሙ ሥር
ካረጀ ከመነዳሪ ጋር ሲታገል፣ ሲነጋገር፣
ቀና ብሎ አያት።

«ወዴት ልትጋልቢያት ነው?» ዋጋዋን እንኳ ሳይጠይቅ።
«ደንገጎ ድረስ» አልኩት። ወገቡን አጥፎ ዝቅ
ብሎ ፍሬኗን ጨበጠ።
«መውጣቱን ሳምባሽ ያውቃል። ለመውረዱ ነው ዕቃ፤
ቁልቁለት ላይ ምክር የለም፣ እዚሁ እንማከር በቃ።
ጓንቱ ለከርሞ ይቆይ።
ከመነዳሪ ግን ሁለት፤ አንዱ መቼም ይፈነዳል፣
የደንገጎ ግራር እሾህ ሳይጠሩት መጥቶ ይወጋል።
ማስቲሽ፣ ፓች፣ ቀጭን መንፊያ፤ ከወገቧ እሰሪላት፤
ውሃ ሁለት፤ አንዱ ለሆድሽ፣ አንዱ ለአናት፤
መብራት ኋላና ፊት፣ ባጃጅ እንዲራራላት።»

በሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ደመርን፣ ቀነስን፣ ደመርን፤
በዘጠኝ መቶ ብር ላይ ሁለት ነገር ቀረን፦
የራስ ቁር፣ ወይ ቁልፍና ሰንሰለት። ለሁለቱ አይበቃም።
«ቁልፉን» አልኩ።
«ሳይክልማ ድሬ ሙሉ ነው፤ አንዱ ቢሄድ፣ አንዱ አይጠፋም፤
ጭንቅላትሽን ግን ልጄ፣ ታይዋንም አይሸጡም።»

ልሄድ ስነሳ፣ ከጣሳ፣ ከብሎን መሀል ፈልጎ
አንድ ደወል አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ።
«ኮርሳ ላይ ደወል!» ሳቅኩኝ። «የክለብ ልጆች ቢያዩኝ...»
አልሳቀም።
«ያን ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ፣ ሳይክሌ ደጅ ነበር ቆሞ፤
በሦስተኛው ቀን፣ ከአሸዋ ሥር፣ ይሄን አገኘሁ፣ አፉን ገጥሞ።
አሸዋውን በመርፌ ለቀምኩለት። እንደገና ጮኸ።»
ዋጋውን ስጠይቀው
የሌላ ሰው ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

ወደ ሆዳን ተመልሼ ቢጫ የራስ ቁር ገዛሁ፣
በግራው ጭረት ስላለው ሃምሳ ብር አስቀነስሁ።
ቁልፍ የለኝም እስካሁን፤ ከአልጋዬ ጎን ታድራለች፤
እናቴ በበሩ ስታልፍ
«እንግዳሽ ቁርስ አትበላም?» ትላለች።

እሁድ፣ ሌሊት አሥራ አንድ። የከዚራ ዛፍ ገና ጨለማ፤
ደቻቱ አሸዋ ለብሶ ተኝቷል፣ ኮሽታ እንኳ አይሰማ።
ከድልድዩ መሀል ፍየሎች፣
መንገዱን ይዘው፣ ካርቶን እያላመጡ።
አውራ ጣቴ ሄደ፣ ሳላዘው፤ ቅልል!
ጆሮዎች ቆሙ፤ ግራና ቀኝ ወጡ።

ከማዶ፣ ከሱብሂ የሚመለስ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው
እርምጃውን ገታ።
ፊቱን አላየሁትም።
ከፊቴ ሌላ ፍየል አልነበረም።
ደግሜ መታሁት።